አቤት ባይዋ ብቻዋን አትቁም

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው ነቅዟል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625፣ በአስተማሪነቱ ወይም በአሠሪነቱ ያገኘውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ከሴት ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ነገር ግን ክሱ የሚንቀሳቀሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው።

እንግዲህ ሕጉ የሚጠብቀው የአንዲት ተማሪን ቃል ነው። የእርሷ ማርክ ደግሞ በዚያው ሰው እጅ ነው። ለትምህርት ክፍሉ እንዳትነግር ሹሙ ባልደረባው ነው፤ ለእኛ እንዳትነግር «ምን ፈልጋ ቢሮው ሄደች?» እንላለን። ነውሩን ከበዳዩ አንሥተን በተበዳይዋ ላይ የምንጭን እኛው ነን።

ስለዚህ አስተዳደሩን እንዲህ ስንል እንጠይቃለን፤ አቤቱታው ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ባለ ጉባኤ ይታይ፤ የተከሰሰውም መልሱን ይስጥ፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ የተማሪዋን ፈተና ሌላ መምህር ያርም፤ ውሳኔውም በጽሑፍ ይድረሳት።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? ሐሜቱን መተው፣ አቤቱታዋን ይዛ ስትሄድም አብሮ መሄድ። አንዲት እኅታችን ብቻዋን ከቆመች፣ ኅብረት የሚለው ስማችን ከንቱ ነው።