የፈነዳ ቧንቧ ሳይመረመር አይጣል

በፋብሪካ ወይም በኃይል ማመንጫ ውስጥ አንድ የእንፋሎት ቧንቧ በፈነዳ ጊዜ ባለንብረቱ አዲስ ለመግዛት፥ ነጋዴውም ለመሸጥ ይቸኩላሉ። ሁለቱም ሥራ እንዳይቆም በማሰባቸው አይነቀፉም። ነገር ግን የተበላው ብረት ምክንያቱ ሳይታወቅ ከውዳቂ ብረት ጋር ከተጣለ፥ አዲሱም ቧንቧ የፊተኛውን ዕጣ መከተሉ አይቀርም።

የነገሩ ክብደት በጃፓን አገር፥ በሚሃማ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በደረሰው አደጋ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 9 ቀን 2004 በሦስተኛው ክፍል የሙቅ ውሃ ቧንቧ ፈንድቶ 5 ሠራተኞች ሞቱ፤ 6 ቆሰሉ። የጎዳቸው ጨረር ሳይሆን፥ በማናቸውም የእንፋሎት ፋብሪካ የሚገኘው ትኩስ እንፋሎት ነበር። በምርመራው እንደ ተገለጸው፥ 10 ሚሊሜትር ውፍረት የነበረው ብረት ከ2 ሚሊሜትር በታች እስኪሆን ሳስቶ ነበር። ቦታው ከመመርመሪያው ዝርዝር ተዘሎ ስለ ቀረ፥ ክፍሉ ሥራ ከጀመረበት ከ1976 አንሥቶ ውፍረቱ አልተለካም። ይህም የሆነው በአሜሪካ፥ በቨርጂንያ፥ ሰሪ በሚባለው ማመንጫ በ1986 ተመሳሳይ አደጋ 4 ሰዎችን ከገደለ በኋላ ነው።

የሁለቱም ምክንያት አንድ ነበር። ተራውን ብረት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን በኃይል የሚናወጥ ሙቅ ውሃ እያሟሟ ይወስደዋል፤ ብረቱም ሌላ ሽፋን ለማበጀት ከገዛ አካሉ ይከፍላል። ጥቂት ክሮሚየም የተቀላቀለበት ብረት ይህን ጥቃት በብዙ ይቋቋማል። በሌላ ስፍራ ግን ጥፋቱ የሚመጣው በውሃው ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ወይም ጨው ነው፤ የማይዝግ የተባለው ውድ ብረት እንኳ ጨውና ሙቀት በተባበሩበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ዋጋው የናረ ዕቃ ማዘዝ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ አስመጪው ስፋቱንና ርዝመቱን ብቻ ጠይቆ ከማዘዝ ይልቅ፥ የፊተኛው ቧንቧ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፥ ከውስጥ ወይስ ከውጭ እንደ ተበላ፥ ውሃው እንዴት እንደሚጣራ ሊጠይቅ ይገባዋል። የብረቱን ቅይጥ የሚገልጸውን የፋብሪካ የምስክር ወረቀትም ከዕቃው ጋር ያስረክብ። ባለፋብሪካውም የተበላሸውን ቁራጭ ሳያጥብና ሳይፍቅ ለመርማሪ ያቆይ፤ የጥፋቱ ማስረጃ በላዩ የተጋገረው ዝገት ነውና።

ቶሎ ቶሎ የሚፈነዳ ቧንቧ ለሻጩ መልካም ገበያ ይመስላል፤ ነገር ግን ፋብሪካው የተዘጋበት ደንበኛ ተመልሶ አይገዛም፤ የጠፋም ነፍስ በገንዘብ አይተካም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።