የቢሮው ስካነር ለማን ነው ክፍት?

ሐዋሳ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ዲግሪውንና መታወቂያውን ይዞ ከፒያሳ እስከ አቶቴ ስንት ቢሮ ይረግጣል? የሚባለው ግን ያው ነው፤ «ስካን አድርገን ኦሪጅናሉን እንመልስልሃለን።» ወረቀቱ ይመለሳል። ምስሉስ የት ገባ?

ኮፒም ፕሪንትም ስካንም የሚያደርገው የዛሬው ማሽን የራሱ አይፒ አድራሻ፣ የራሱ ሜሞሪ፣ በብራውዘር የሚከፈት የራሱ ገጽ ያለው ኮምፒውተር ነው። እዚያ ገጽ ላይ የገባ ሰው ስካን የሚላክባቸውን ኢሜይሎችና ፎልደሮች፣ አንዳንዱ ሞዴል ላይ የተቀመጡትን ፋይሎችም ያገኛል። ያልተቀየረ የፋብሪካ ፓስዎርድ ደግሞ ማኑዋሉ ላይ ተጽፎ ኢንተርኔት ላይ አለ። ግራውንድ ላይ ካፌ፣ ፎቁ ላይ ቢሮ ባለበት ሕንፃ አንድ ዋይፋይ ሁለቱንም ካገለገለ፣ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ከእናንተ ዲግሪ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ ተቀምጧል።

«ኧረ ማን ይነካዋል?» ለሚል፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው በፖርት 9100 ክፍት የቀሩ ፕሪንተሮችን ከኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ 50 ሺህ በሚጠጉት ላይ ለዩቲዩበሩ ፒውዲፓይ የቅስቀሳ ወረቀት እንዳሳተመ ተናግሯል። እሱ ቀልዶ ነው። ሌላው ላይቀልድ ይችላል። ሕጉም ዝም አላለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን ካልተፈቀደለት ሰው እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

ታዲያ ይህን ለኃላፊዎቹ ትተን ለእናንተ የምንጽፈው ለምንድን ነው? «አይቲ የሚችለው ልጅ ይምጣ» ሲባል የምትጠሩት እናንተ ስለሆናችሁ። ማሽኑ የመጀመሪያውን ገጽ ስካን ሲያደርግ «ጎበዝ!» ትባላላችሁ፣ ሁሉም ይበተናል። እዚያ ላይ አትነሱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ ይቀራል።

ፓስዎርዱን ቀይሩ። ካፌውንና እንግዳውን ራውተሩ ላይ ወደ ሌላ ኔትወርክ አውጡ። ለስካነሩም፣ ለሠራተኞቹ ኮምፒውተሮችም የማይለዋወጥ አይፒ ስጡ፤ አለበለዚያ የዛሬው ፊልተር ነገ የተሳሳተ ሰው ይዘጋል። ከዚያ ብዙ ማሽኖች ላይ በኔትወርክ ወይም በሴኪዩሪቲ ሜኑ ውስጥ ወደሚገኘው አይፒ ፊልተር ግቡ፤ የሠራተኞቹን አድራሻዎች ፍቀዱ፣ የቀረውን ከልክሉ። ቅደም ተከተሉ ላይ ተጠንቀቁ። «ሁሉንም ከልክል» ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ኮምፒውተር ካላስገባችሁ ገጹ እናንተው ላይ ይዘጋል፣ ማሽኑ ሥር ቆማችሁ በትንሿ ስክሪን ስትታገሉ ትውላላችሁ። አይፒቪ6 ብዙ ጊዜ ለብቻው ዝርዝር አለው፤ የማትጠቀሙበት ከሆነ አጥፉት። ቴልኔትና ኤፍቲፒም እንደዚያው።

የሚረሳው ዋይፋይ ዳይሬክት ነው። ስልካችሁ ዋይፋይ ሲፈልግ በላቲን ፊደል «ዳይሬክት» ብሎ የሚጀምር ስም ካያችሁ ምናልባት የአንዱ ቢሮ ማሽን ነው። በዚያ የሚገባ ሰው ራውተሩን ጨርሶ አይነካም፤ ስለዚህ ራውተሩ ላይ የደከማችሁበት ሁሉ አያግደውም። ካላስፈለገ ይጥፋ።

ፊልተር ብቻውን አይበቃም፤ የተፈቀደ አድራሻ አስመስሎ መግባት ይቻላል። ግን ከካፌ ወንበር ላይ ሆኖ በስልክ የሚሞክረውን አብዛኛውን ሰው ይመልሳል።

ቢሮዎቹም ይህንን ሥራ በ«እስቲ እየው» ከማሠራት ከፍለው ያሠሩ። እናንተም ስትጨርሱ አዲሱን ፓስዎርድ በወረቀት ጽፋችሁ ለኃላፊው በእጁ ስጡት፤ ማሽኑ ላይ በፕላስተር አትለጥፉት።