ብልቃጡ ምን ይዟል? ምን ያህልስ?



በደባርቅም ሆነ በዳባት የ«ቫይታሚን» ብልቃጥ ብርቅ አይደለም። ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድም ይልካል። ችግሩ የሚመጣው ነፍሰ ጡር እናት «ይኸኛው ሁሉንም ይዟል» ተብላ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት ክኒን ስትተው ነው። ስለዚህ ብልቃጥ በእጃችሁ ሲገባ ከስሙ ይልቅ በጎኑ የተጻፈውን መጠን ተመልከቱ።

በመጀመሪያ ብረትን ፈልጉ። ነፍሰ ጡር እናት በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት ቫይታሚኖች አብዛኛውን ጊዜ ብረት የላቸውም። ጽሑፉም እንዳያታልላችሁ፤ «300 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት» የሚል ክኒን በውስጡ ያለው ብረት 60 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው።

ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ነዋሪ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ይሠራል፤ ለዚህም ብረት ይፈልጋል። በመሆኑም ለቆላ ሰው በቂ የሚባል የደም ምርመራ ውጤት ለደባርቅ እናት ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቫይታሚን ኤ ነው። ይህ ሲበዛ ይጎዳል። ሬቲኖል የሚባለው ዓይነት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከ10,000 ዩኒት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ሁለት ዓይነት ብልቃጥ ደርቦ መውሰድ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በየስድስት ወሩ ለሕፃናት የሚሰጠው የ100,000 ወይም የ200,000 ዩኒት ጠብታ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ከጎመንና ከካሮት የሚገኘው ግን ይህን ጉዳት አያመጣም።

ሦስተኛው አዮዲን ነው። የደጋው አፈር በዝናብ ስለሚታጠብ አዮዲኑ ያንሳል፤ እንቅርትም የሚመጣው ከዚሁ ጉድለት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ጨዉን ከድናችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ለነፍሰ ጡሮች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተዘጋጀው ባለ 15 ንጥረ ነገር ክኒን 30 ሚሊግራም ብረት፣ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ 800 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤና 150 ማይክሮግራም አዮዲን አለው። በእጃችሁ ያለውን በዚህ መዝኑት።

ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ክኒኑን ከጠጣችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ። የብረት ክኒን ለትንሽ ልጅ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ።

ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ቢሆንባችሁ አትፈሩ፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና «ብረቱ ስንት ነው? ቫይታሚን ኤውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እስክታገኙ ድረስ ጤና ጣቢያ የሰጣችሁን ክኒን አትተዉ።