የተራ ቀን መዝገብ

በብሪታንያ፣ ከዌልስ ጠረፍ ማዶ፣ ባርድሲ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በዚህች ደሴት እ.ኤ.አ. በ1953 የወፎች መከታተያ ጣቢያ ተቋቋመ። በበጋ ማለዳ የጣቢያው ሰዎች ሌሊት በመብራት ወጥመድ የገቡትን የእሳት እራቶች ቆጥረው ይለቃሉ፤ ቀን ወፎችን ይቆጥራሉ፤ ሲመሽም ያዩትን ሁሉ በመዝገብ ያሰፍራሉ።

ምናልባት እናንተ፣ «ብርቅ ወፍ ያልታየበትን ቀን መመዝገብ ምን ይረባል?» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የተራው ቀን መዝገብ ነው እላለሁ። ማስረጃዬን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1957 በዚያች ደሴት ማንክስ ሺርዋተር የተባለ አንድ የባሕር ወፍ ተይዞ፣ ቁጥር ያለው ቀለበት በእግሩ ታስሮለት ተለቀቀ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ያው ወፍ እዚያው ደሴት ላይ እንደገና ተያዘ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩን የጻፈው ሰው «ይህ ተራ ወፍ ነው» ብሎ ቢተወው ኖሮ፣ ወፉ ይህን ያህል ዘመን መኖሩን ማን ባወቀ ነበር?

ከዚህም ሌላ፣ የወፎች ቁጥር ማነሱን በርግጥ ሊናገር የሚችለው፣ ቀድሞ ስንት እንደነበሩ የጻፈ ብቻ ነው። ስለሆነም መዝጋቢ ያላየውን ሊጨምር፣ ያየውንም ሊቀንስ አይገባውም፤ አንድ የሐሰት ቁጥር የብዙ ዓመት ድካም ያረክሳልና።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እንግዲህ እናንተም ደብተር ያዙ፤ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ የሚያርፉትን ወፎች ከነቀኑና ከነቁጥራቸው ዕለት ዕለት ጻፉ። ዛሬ ተራ የመሰላችሁ ነገር ለሚመጣው ትውልድ ምስክር ይሆናል።