የብርድ ልብስ ከተማና ራቁቱን የሚያድር ፈረስ

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጃኬትና ከአክስቴ የተዋስኩትን ጋቢ ደራርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል (የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ አትፍረዱብኝ!)። መናኸሪያው በር ላይ ጋሪ ተሳፈርኩ። ፈረሱ ውጪ ማደሩን ጀርባው ላይ ያለው ጤዛ ይናገራል። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ወንድሜ፣ ማታ ማታ የሆነ ነገር አታለብሰውም?» አልኩት ባለጋሪውን።

ሳቀብኝ። «እህቴ ደግሞ! ፈረስ ብርድ ያውቃል እንዴ? ቆዳው አይደል ጋቢው!»

ከመናደዴ በፊት እውነቱን ልስጠው። ጤነኛ፣ የጠገበና ደረቅ ፈረስ ብርድን ከሰው በላይ ይችላል። ሲበርደው ፀጉሩን ያቆማል፤ በፀጉሩ መሀል የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይይዝለታል። የበላው ድርቆሽም ሆዱ ውስጥ ሲብላላ ያሞቀዋል፤ ምድጃውን ይዞ ይዞራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፈረስ ፀጉሩን ካልሸለቱት በቀር ብርድ ልብስ ብዙም አያሻው።

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ የኛ የጋሪ ፈረስ ጠግቦ ነው የሚያድረው? ደርቆ ነው የሚያድረው? ቀኑን ሙሉ ጎትቶ ላቡ ሳይደርቅ ይመሻል። የረጠበ ፀጉር ይተኛል እንጂ አየር አይይዝም። ያውም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ያ ነፋስ እየገረፈው! ከሲታው ፈረስ ያገኛትን ገለባ ሌሊቱን ለሙቀት ይጨርሳታል። ለነገው ጋሪ ጉልበት ከየት ይምጣ? ጠዋት እግሩ ሲጎተት ደግሞ አለንጋ።

ይህ የሚሆነው የት መሰላችሁ? በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ በታወቀ ከተማ! ከበግ ፀጉር ባና የሚሠራበት መንዝ አጠገቧ ሆኖ! አገራችንስ ብትሆን ጀግኖቿን በፈረስ ስም የጠራች አገር አይደለችም? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። በዓል ሲሆን ፈረሱን በግላስ አሸብርቀን ፎቶ እንነሳለን። ለጌጥ ማልበስ እንችልበታለን። ለብርድ ሲሆን ነው «ቆዳው ጋቢው» የሚሆነው።

«ሰው በረንዳ እያደረ ስለ ፈረስ ታወሪያለሽ?» የምትሉኝ አላችሁ። ልጠይቃችሁ፤ ፈረሱን ስለረሳነው በረንዳ አዳሪው ለበሰ? ርኅራኄ እንደ ቀበሌ ስኳር በኮታ የሚታደል አይደለም። ደግሞስ ፈረሱ ሲወድቅ ከነልጆቹ ጦሙን የሚያድረው ማን ሆነና? ባለጋሪው ራሱ ነው።

የአውሮፓ ፈረሶች የሚለብሱትን ካፖርት አምጡ አላልኩም። ማታ ላቡን በገለባ አሽቶ ማድረቅ። ከነፋስና ከዝናብ የሚከልል ጋጣ። ለሌሊቱ ጠርቀም ያለ ድርቆሽ። ለከሲታው፣ ለአሮጌውና ለታመመው ደግሞ ደረቅ ጆንያ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ፤ ጠዋት ተገፎ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ። (ላስቲክ አይሁን፤ ላቡን አፍኖ ያረጥበዋል። የረጠበ ልብስ ደግሞ ከራቁትነት አይሻልም።)

እኛ ተሳፋሪዎችስ? ሦስት ሆነን ተጭነን፣ በብር በሁለት ብር ተከራክረን፣ «ንዳው እንጂ!» የምንለው እኛ አይደለንም? ድርቆሹ የሚገዛው በዚያችው በተከራከርንባት ብር ነው።

ስወርድ ጋቢዬን ለፈረሱ አለበስኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አላለበስኩትም፣ በርዶኝ ነበር። ሳልከራከር ከፈልኩና ሄድኩ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ እኔን አድርሶኛል። እሱን ግን ለዚያ ሌሊት ማንም አላደረሰለትም።