ኮምፒዩተር በየዕቃው ሲገዛ

በሐረር ሸዋ በር ገበያ በርበሬ የምትመርጥ እናት ቀለሙን ብቻ አይታ አትገዛም፤ ታሸታለች፣ ትጠይቃለች። ልጅዋ ‹‹የጨዋታ ኮምፒዩተር ራሴ ልገጣጥም›› ሲላትም ይኸው ጥንቃቄ ያሻታል።

አንደኛ፣ ዕቃዎቹ የሚስማሙ ይሁኑ፤ ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ሶኬት ካልገጠመ፣ ወይም ለዲዲአር 5 ቦርድ ዲዲአር 4 ሜሞሪ ከተገዛ ገንዘቡ ባከነ። ሁለተኛ፣ የጨዋታውን ሥዕል የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለእርሱ ይሁን። ሦስተኛ፣ በፓወር ሰፕላይ አይቆጠብ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ርካሹ ከተቃጠለ ሌሎቹንም ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

እናቶች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ‹‹ይህ ከዚያ ይገጥማልን? ዋስትናስ አለው?›› ብላችሁ ጠይቁ። መፍቻውም በወንዱ ልጅ እጅ ብቻ አይቅር፤ እኅቱም አብራው ትገጣጥም።