ውሃ ጁባ ላይ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል?

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ በተሰማ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ። ደቡብ ሱዳንም በዚያው ወር ትምህርት ቤቶቿን ዘጋች። ማስታወሻና የቤት ሥራ በስልክ መላክ ተቻለ። ቤተ ሙከራ ግን በስልክ አይላክም።

በሌላው ዓለም የሳይንስ መምህራን መላ ፈልገዋል። አንዱ ብቻውን ቤተ ሙከራ ገብቶ ሙከራውን በቪዲዮ ቀረጸ፤ ያገኘውንም ቁጥር ተማሪዎቹ እንዲተነትኑት ላከላቸው። ሌላው በኮምፒውተር የተሠራ ምስለ ሙከራ ተጠቀመ። አቅም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያውን በካርቶን አሽገው እስከ ተማሪው ቤት ላኩ። ሰንጠረዥ መሥራትና ሪፖርት መጻፍ በዚህ መንገድ ደህና አድርጎ ይለመዳል። እጅ ግን ሳይነካ አይማርም።

ይህን የተረዳሁት በራሴ ስህተት ነው። ያኔ ለተማሪዎቼ በስልክ ጥያቄ ላክሁ፦ ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል? ሁሉም 100 አሉ። አንድ ልጅ ብቻ 98 ብሎ መለሰ፤ ኤክስ አደረግሁበት። ማታ በድምፅ መልእክት «ቲቸር፣ እኮ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ» አለኝ። አባቱ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። የሥጋ ሙቀት መለኪያ አስመጥቶ፣ እዚሁ ቡሉክ ግቢያቸው ውስጥ ከሰል ላይ ውሃ ጥዶ ለክቷል።

ልክ እሱ ነበር። 100 ዲግሪ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ቁጥር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ናት፤ ውሃዋ በ98 ገደማ ይፈላል። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ። እኔ መጽሐፉን ደገምሁ፤ ልጁ ሳይንስ ሠራ። ማርኩን መለስሁለት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

ውድ ወላጆች፣ ለሚመጣው ዓመት ገንዘባችን ምን ይግዛ በሚለው ላይ አንዳንዶቻችሁ ትልቅ ስክሪን ይሁን ብላችኋል። ወረርሽኝ ቢመለስ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ማሰባችሁ ተገቢ ነው። የእኔ አስተያየት ግን ቤተ ሙከራ ይቅደም ነው። የሙቀት መለኪያ፣ ሚዛን፣ የመስፈሪያ ብርጭቆ፣ ቢቻል አንድ ማይክሮስኮፕ። ስክሪን ያለ መብራት አይሠራም፤ የጀነሬተር ነዳጅ ስንት እንደሚያስወጣን ታውቃላችሁ። የሙቀት መለኪያ ግን ትምህርት ቤት ቢዘጋ ልጁ በቦርሳው ይዞት ቤቱ ይገባል።

ስልኩም ሥራ አያጣም። የእኛ ልጆች እዚህ፣ የአጎትና የአክስት ልጆቻቸው አዲስ አበባ፣ በአንድ ቀን ውሃ አፍልተው ቁጥራቸውን ይለዋወጡ። ርቀት ለሳይንስ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከዚህ ወጥተው ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚሆኑ ልጆች አሉን። አንድ ቀን በእጃቸው የለኩት ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ ደግመው የሚለኩ እንዲሆኑ እንጂ፣ ዝም ብለው 100 ብለው የሚጽፉ እንዲሆኑ አልፈልግም።